በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

የብርጓል ካራዋን የተነጠቀችው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት መባቻ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ካለው ኬላ ነው። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ገጠሩ ግን አልገባለትም፤ እሱ ምሽጉን ይጠብቃል፣ ጫካው የአርበኞች ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ዘበኛ ገበያ መሐል በጩቤ ተወግቶ ስለ ነበር፣ ከአራት ጣት የረዘመ ስለት ይዞ ከተማ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ሲነገር ቀላል ነው። የማን ጣት እንደ ሆነ ግን የተናገረ አልነበረም።

ኬላው ላይ በፈረቃ የሚቆሙ ሁለት ባንዶች ነበሩ። አንደኛው ፈንታው የሚባል ግዙፍ ሰው ነው፤ ጣቶቹ የበቆሎ ራስ ያህላሉ። በእሱ ፈረቃ የበግ ማረጃ ሳይቀር ያልፋል። ሁለተኛው መንበሩ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቱ የደብተራ ብርዕ የመሰለ። በእሱ ፈረቃ የሽንኩርት መክተፊያ እንኳ አይተርፍም። ገበያተኛው ይህን ስላወቀ ከሩቅ ቆም ብሎ፣ ተራው የማን እንደ ሆነ አጣርቶ ነበር ወደ ኬላው የሚጠጋው።

የብርጓል በዚያ ቅዳሜ ቆሞ የማጣራት ጊዜ አልነበራትም። ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት የበኩር ልጇን እያማጠች ነውና ተጠርታ በጥድፊያ ነው የምትሄደው። መንበሩ አስቁሞ መቀነቷን ሲያስፈታት ካራው ብቅ አለ።

“እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ካራ ነው፣ ልጄ።”

“ለምን ይይዙታል?”

“አዋላጅ ነኝ። እትብት እቆርጥበታለሁ።”

“እትብት ለመቁረጥ ይህን ያህል ካራ?”

“ሽንኩርትም እልጥበታለሁ። ገመድም እቆርጥበታለሁ፣ የአህያ ኮቴም እጠርግበታለሁ። ለየሥራው ካራ ልያዝ ብል ማን ይሸከምልኛል?”

መንበሩ ቀጫጭን ጣቶቹን ስለቱ ላይ እየደረደረ ለካ። አራት አለ፣ አምስት አለ፣ ስድስት አለ። “በእኔ ጣት ሰባት ሊሆን ምንም አልቀረው” አለና ካራውን ከማጭዱና ከመጥረቢያው ክምር ላይ ወረወረው። የብርጓል ዞራ አየችው። ከእናቷ የወረሰችው፣ እጀታው በቆዳ የተጠቀለለ ካራ ነው። ከዚያ በላይ ግን አልቆመችም፤ ሴትዮዋ እያማጠች ነው።

ልጁን በሰላም አገላገለች። እትብቱን ከጎረቤት በተለመነ ምላጭ ስትቆርጥ ግን ምላጩ ለሁለት ተሰብሮ አውራ ጣቷን ሸረከታት። ወደ መንደሯ የተመለሰችው ጣቷን በጨርቅ አስራ፣ መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እያጉረመረመች ነው።

የብርጓል ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጠር ብላ ደልደል ያለች ሴት ናት። ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ፣ ላይ አምባ በምትባል መንደር ትኖራለች። ሁለት ባል አግብታ ሁለቱንም ቀብራለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ደምበጫ ድራለች። አዋላጅነቱን የተማረችው ከእናቷ ነው። በዚያ አካባቢ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ያለ ሰው ባገኛት ቁጥር ትንሽ ያፍራል፤ ከሁሉ ቀድማ ራቁቱን ያየችው እሷ ናትና። እሷም ይህን ስለምታውቅ፣ ጎረምሳ ሲኮራባት “ስትወለድ እንዲህ አልነበርህም” ትለዋለች።

በማግስቱ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ስለ ካራ አሰበች። ምላጭ አይሆንም፤ ይሰበራል፣ ይዝጋል፣ ከእንጀራ በቀር የሚቆርጠው ነገር የለም። እንደ ድሮው ያለ ካራ ኬላውን አያልፍም። የሚታጠፍ ሰንጢ ያስፈልጋታል፤ መቀነቷ ውስጥ ተጣጥፎ የሚተኛ፣ ሲፈለግ ቶሎ የሚወጣ። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ እጅ የሚከፈት መሆን አለበት። አዋላጅ ሁለት እጇ ነፃ የሚሆንበት ሰዓት የለም፤ አንዱ እጇ ሁልጊዜ ልጅ ይዟል። ደግሞ ያ እጅ ደረቅ አይደለም። ሰንጢው በረጠበ እጅ ሲያዝ እንደ ዓሣ የሚያሟልጭ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ወዳለው የየመናዊ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሽቶና ሳሙና፣ መርፌና ፋኖስ የሚሸጥ፣ ከሰው ጋር መጨዋወት የሚወድ ሽማግሌ ነው። ሰንጢ ስትለው ሦስት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረላት።

የመጀመሪያው እጀታው ነጭ፣ እንደ ዛጎል የሚያብረቀርቅ ነበር። የብርጓል አነሳችው። ስለቱ ጀርባ ላይ ለጥፍር የተበጀች ጭረት አለች፤ በአንድ እጅ ያዝ አድርገው በሌላው ጥፍር ካልሳቡት አይከፈትም። “ይህ ለሙሽራ ነው” ብላ መለሰችለት። ሁለተኛው ከስለቱ ሌላ ማንኪያ፣ የጠርሙስ መክፈቻና መጋዝ ነበረው። በእጇ መዘነችውና “ይህ ማድቤት ነው እንጂ ሰንጢ አይደለም” አለች።

ሦስተኛው ጎኑ ላይ ቁልፍ ያለው ነው። ባለሱቁ ቁልፉን ሲጫነው ስለቱ ጧ ብሎ ወጣ። የብርጓል ዓይኗ በራ።

“ይህስ በአንድ እጅ ነው” አለች።

“ከሮማ የመጣ ነው፣ እሜቴ። እንደዚህ ያለ ሰንጢ በደብረ ማርቆስ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።”

“ቆይ” አለችና ቅቤ የተቀባ ጠጉሯን በመዳፏ ጠረገችው። በዚያ በወዛ እጅ ሰንጢውን ስትይዘው ልክ እንደ ፈራችው ከእጇ አምልጦ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። ባለሱቁ ደንግጦ ያዘው። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ተቀብላው መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት እንደምትቀመጠው ቁጢጥ አለች። ሰንጢው መቀነቷ ውስጥ ሳለ ጧ አለ። ስለቱ መቀነቷን በስቶ፣ ቀሚሷን ነክቶ፣ ሆዷ ሊደርስ ለጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ባለሱቁ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የብርጓል ቀስ ብላ ተነሳች፤ ሰንጢውን በሁለት ጣቷ አውጥታ አስቀመጠችው።

“ይህን የሠራው ሰው ልጅ አዋልዶ አያውቅም” አለች።

“እሜቴ፣ የሚመርጡት ሰንጢ ነው ወይስ ባል?” አለ ሽማግሌው እየሳቀ።

“ባልማ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ቀን ነው የወሰንሁት። ሰንጢ ግን ሁልጊዜ አብሮኝ የሚዞር ነው።”

ሽማግሌው እየሳቀ ለተቀደደው መቀነቷ መርፌና ክር መረቀላት። የብርጓልም አመስግና ወጣች።

ከገበያ የምትመለሰው በወንዙ ዳር ነው። በዚያ መንገድ፣ ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ የቀጥቃጩ የአንሙት ቤት አለ። አንሙት የአካባቢው ሰው ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠራ ሰው ነው። ማረሻውን ሁሉም ይፈልጋል፤ ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም፤ ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ሚስቱ ታየች መጀመሪያ ስታምጥ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር። የብርጓል ብቻ ናት የሄደችው። ከዚያ ወዲህ የታየችን ሦስቱንም ልጆች ያዋለደች እሷ ናት። ባለፈች ባገደመች ቁጥርም እዚያ ቤት ገብታ ያገኘችውን ትበላለች። ሰው ሲነግራት “እኔ እስካሁን አልተበላሁም፤ ይልቅ እየወፈርሁ ነው” ትላለች።

አንሙት ወናፉን እየነፋ ነበር። ታየች ቆሎ አቀረበች። የብርጓል የሱቁን ነገር ስታወራላቸው ታየች ሳቋ አልቆም ብሎ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

“አንተ አንሙት፣ የሚታጠፍ ሰንጢ ትሠራልኛለህ?” አለችው የብርጓል።

አንሙት ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። ተነሥቶ ከጓዳው ገለባ ውስጥ እጁን ከትቶ አንድ ጠመም ያለ፣ ወፍራም ብረት አወጣ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ባሌስትራ ይሉታል። የመኪና ነው፣ እሜቴ።”

“ከየት አመጣኸው?”

“ከመንገድ።”

“መንገድ ደግሞ ብረት ያበቅላል?”

“ዘንድሮ ያበቅላል” አለ አንሙት ፊቱን ሳይለውጥ።

የብርጓል ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ አርበኞች አንድ የጣሊያን ካሚዮን ማቃጠላቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ብረቱን አንሥታ በጥፍሯ ቆረቆረችው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

“እንግዲህ ስማኝ” አለችው። “በአንድ እጅ ይከፈት። ግን ሳላዘው አይከፈት። ተከፍቶ ሳለ ደግሞ እጄ ላይ አይታጠፍብኝ። ቅቤም ውኃም የነካው እጅ ይያዘው።”

“ሌላስ?”

“የመንበሩን አራት ጣት አይለፍ።”

አንሙት መዶሻውን አስቀመጠ። አራቱን ትእዛዝ ራሱን እየነቀነቀ ተቀብሎ ነበር፤ በአምስተኛው ግን ሳቀ። “እሱን እንግዲህ እርስዎ ለክተው ያምጡልኝ” አላት።

በሚቀጥለው ሳምንት የብርጓል ጥቁር ክር መቀነቷ ውስጥ ይዛ ወደ ኬላው ሄደች። እንዴት እንደምትለካ ገና አላወቀችም ነበር። ዕድል ቀንቷት ግን፣ መንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ አገኘችው። የመሐል ጣቱ ጥፍሩ ሥር መግል ይዞ አብጧል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል።

“ምን ሆንህ፣ ልጄ?”

“ከትናንት ወዲያ ጀመረኝ፣ እማማ። እስከ ብብቴ ይጠዘጥዘኛል።”

ከፊቱ ተቀመጠች። የሞቀ ውኃ በጨው አስመጣችና ጣቱን ነከረችለት። ለስለስ ሲል የግራር እሾህ በእሳት ለብልባ መግሉን አፈረጠችው። “ካራዬ ቢኖር ይህን ያህል አትሰቃይም ነበር” አለችው እግረ መንገዷን። መንበሩ ወደ ክምሩ ዓይኑን ጣል አድርጎ አቀረቀረ።

“ሹሙ ቆጥሮታል፣ እማማ። ብመልስልዎት እኔ እታሰራለሁ።”

“ግድ የለም፤ አልጠየቅሁህም። በል አሁን ጤነኛውን እጅህን አምጣ።”

“ግራውን ደግሞ ለምን?”

“ያበጠው ምን ያህል እንዳበጠ ካላበጠው ጋር ካላስተያየሁ በምን አውቃለሁ?”

ግራ እጁን ዘረጋላት። አራቱን ጣቶች ገጥማ ክሩን በላያቸው ላይ ዘረጋች፤ ከጠቋሚው ዳር እስከ ትንሿ ጣት ዳር አስተካክላ ቋጠሮ አደረገችበት። የታመመውን ጣትም በዚያው ክር ለካችና ራሷን ነቀነቀች፤ የሚያስፈልጋትን ይዛለች። ቁስሉን ንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችበት። በሦስተኛው ቀን መንበሩ እጁ ድኖለት፣ ገበያ ስትመላለስ ሲያያት ተነሥቶ እጅ ይነሳት ጀመር። እሷም በልቧ ጥቂት አፈረች። ሕመሙ ግን እውነት ነበር፣ የዳነውም እውነት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

አንሙት እስከዚያ በእንጨት እየሞከረ ነበር። ከግራዋ ስንጥር ሰንጢ መሳይ ነገር እየቀረጸ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ይጥላል። በመጨረሻ የደረሰበት ይህ ነው፤ ስለቱ ከማጠፊያው ችንካር አልፎ የአይጥ ጭራ የምታህል ትርፍ ይኖረዋል። ሰንጢው ሲታጠፍ ጭራዋ ከእጀታው ወጣ ብላ ትታያለች። አውራ ጣት ጭራዋን ገፋ ሲያደርጋት ስለቱ ዞሮ ይወጣል፤ ሲወጣም ጭራዋ እጀታው ጀርባ ላይ ትተኛና መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ሰውየው እጀታውን እስከ ጨበጠ ድረስ ሰንጢው ሊታጠፍ አይችልም። ቁልፍ የለው፣ ሞላ የለው። ችንካሩንም ጠበቅ ስላደረገው ካልገፉት በቀር አይነቃነቅም።

የመጀመሪያው ስለት ግሎ በውኃ ሲነከር ተሰነጠቀ። አንሙት ሁለተኛውን በኑግ ዘይት ነከረው፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ታየች እያሳለች ወጣች፣ ስለቱ ግን ደኅና ሆኖ ቀረ። እጀታውን ከበሬ ቀንድ ላበጀው ብሎ አሳያት። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነው። የብርጓል ጠጉሯን ጠረግ አድርጋ ያዘችው፤ አሟለጫት።

“ያምራል፤ ግን አይሆንም” አለች።

“ወይራ ላድርገው?”

“ወይራ አድርገው። ቀጫጭን መስመር ቆርጥበት።”

የወይራው እጀታ ሲመጣ በቅቤም በውኃም በሳሙናም ሞከረችው፤ አልወደቀም። አውራ ጣቷ ጭራዋን ገፋት። ስለቱ ያለ ድምፅ ወጣ። መልሳ አጠፈችው፣ መልሳ ከፈተችው። መቀነቷ ውስጥ ከትታ ቁጢጥ አለች፣ ተነሣች፣ ጎንበስ አለች፤ ሰንጢው ዝም ብሎ ተኛ። ከዚያ ታየችና አንሙት እያዩዋት ደጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመደች።

“እስክስታም ይምቱበት” አለች ታየች።

እሷም ትከሻዋን ሁለት ጊዜ ሰበቀችላቸው። ለድካሙ የምትሰጠውን ብትጠይቀው አንሙት ሦስቱን ልጆቹን አሳያትና ስለ ዋጋ የሚነጋገር ሰው የለም አለ። እሷ ግን በነጋታው አንድ ቅል ቅቤ ይዛ መጣች፤ ታየች ናት የተቀበለቻት።

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ኬላው ላይ ስትደርስ መንበሩ ብቻውን አልነበረም። የኬላው ሹም ጣሊያኑ ራሱ ከአስተርጓሚው ጋር ቆሟል፤ ዕድሜው አርባ የሚሆን፣ ፂሙን በጥንቃቄ የከረከመ ሰው ነው። የብርጓል ለመመለስ አሰበች። ዞሮ መመለስ ግን ከመግባት የባሰ ያስጠረጥራል። መቀነቷን ራሷ ፈታ ሰንጢውን ለመንበሩ ሰጠችው።

መንበሩ ስለቱን ገልጦ የዳነ እጁን ጣቶች ደረደረበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የስለቱ ጫፍ ከትንሿ ጣቱ ዳር ጋር እኩል ቆመ፤ ጠጉር ታህል እንኳ አላለፈም። ግራ ገብቶት እንደገና ለካ። ከዚያ ወደ እሷ ቀና አለ፤ ግራ እጁን አየ፣ እሷን አየ። የከንፈሩ ዳርና ዳር ሊስቅ ዳድቶት ነበር።

“አራት ጣት ልክ ነው” አለ ጮክ ብሎ።

ሹሙ እጁን ዘርግቶ ሰንጢውን ተቀበለ። መልሶ አጠፈው፣ ሊከፍተው ፈለገ፣ የጥፍር ጭረቷን አጣት። አገላበጠው፣ ጎተተው፣ አልሆነለትም። የብርጓል በትህትና እጇን ዘርግታ ወሰደችና በአንድ አውራ ጣት ከፈተችው፤ ሌላው እጇ ነጠላዋን እንደያዘ ነው። ሹሙ ቅንድቡን አነሣ። ተቀብሎ እሷ እንዳደረገችው አደረገ፤ ስለቱ ሲወጣ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ ስለቱን በጥፍሩ ቆረቆረ፤ ድምፁን ሲሰማ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው።

“ይህ ጥሩ ብረት ነው፤ ከየት የመጣ ነው? ይላል” አለ አስተርጓሚው።

መዋሸት ሞከረች፤ ምላሷ ላይ የመጣው ግን እውነቱ ነው።

“የእናንተው አገር ብረት ነው ይሉኛል” አለች።

ይህ ሲተረጎምለት ሹሙ ደረቱን ነፋ፤ “ገና ሳየው አውቄዋለሁ” ማለቱ መሆኑን አስተርጓሚው ነገራት። ለምን እንደምትይዘውም ጠየቀ። ለእትብት መሆኑን ሲሰማ ፈገግ ብሎ እጁን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ አገሩ የተወው ልጅ ያን ያህላል ማለቱ ነው። ሰንጢውን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት።

ገበያ ገብታ ምን እንደ ገዛች ኋላም አላስታወሰችም። የምታስታውሰው ጨሞጋን ከተሻገረች በኋላ ድንጋይ ላይ መቀመጧን፣ ከዚያም ብቻዋን መሳቋን ነው። ውኃ የምትቀዳ ሴት አይታት “እሜቴ፣ ደኅና ነዎት?” ብላ እስክትጠይቃት ድረስ ሳቀች።

የሰንጢው የመጀመሪያ ቁምነገር የመጣው በኅዳር ነው። የባዘዘው ሚስት ሙላቷ ማሳ ዳር ካለው ጎጆ ውስጥ ሳለች ምጥ ያዛት። ባዘዘው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። ጤፉ ግማሹ ታጭዷል፤ አብራት የነበረችው ጎረቤቷ ወለተ ሰንበት ናት። ወለተ ሰንበት ገና የመጀመሪያ ልጇን ጡት ያላስጣለች፣ እጀ ትልቅና ደፋር ሴት ናት። ለየብርጓል መልእክት የደረሳት ረፋዱ ላይ ነበር፤ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት።

ሙላቷ ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሲወለድ ሞቶባታል። ስለዚህ ፈርታለች፣ በየመሐሉም “ይኸኛውም እንደዚያኛው ነው?” ትላለች። የብርጓል ስለ በሬዎቿ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጣሊያኑ ፂም እያወራች አረጋጋቻት። የልጅቷ ራስ ሲወጣ ግን ወሬዋን አቆመች። እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፤ ተወጥሯልና በጣት ቢስቡት አይላላም። የልጅቷ ፊት ጠቁሯል።

“ወለተ ሰንበት፣ ክሩን አምጪ። እዚህ ጋ እሰሪ። ጠበቅ አድርጊው። አሁን ከዚህ በታች ሌላ” አለች በዝግታ። ግራ እጇ የልጅቷን ራስ ደግፏል። ወለተ ሰንበት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሁለቱንም አሰረች። የብርጓል ቀኝ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። እጇ እስከ አንጓው ርሷል። ወይራው አላሟለጨም። አውራ ጣቷ ጭራዋን አገኘቻት፣ ስለቱ ወጣ፣ በሁለቱ ቋጠሮዎች መሐል በአንድ ምት ቆረጠችው። ጥምጥሙ ተፈታ። ልጅቷ ተንሸራታ እጇ ላይ ወደቀች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። የብርጓል ጀርባዋን አሸት አሸት አደረገቻትና እግሯን ቸብ አደረገችው። ልጅቷ አለቀሰች፤ ማሳው ማዶ ያሉ አጫጆች ሳይቀሩ ሰሟት። እልልታው ከእነሱ በኩል ነው የጀመረው። ወለተ ሰንበት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ ስታለቅስ የብርጓል “አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ፤ የወለደችው እሷ ናት” አለቻት።

ልጅቷ ፋንታነሽ ተባለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ባዘዘው ከጫካ ሹልክ ብሎ መጥቶ ድግስ አደረገ። የብርጓል ድግሱ ከመሰናዳቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቃው ነበር፤ አንሙትና ታየች እንዲጠሩ። ባዘዘው ጥቂት አሰበና “ያች ሰንጢ ባትኖር እኔ ዛሬ ምን እደግስ ነበር?” ብሎ ራሱ ሄዶ ጠራቸው። ሲገቡ ሦስት አራት ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የቀረው ሰው አልወጣም። አንሙት በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል የብርጓል ጎኗን መታ መታ አደረገች፤ መጥቶ እሷ አጠገብ ተቀመጠ፣ ከእሷው ሞሰብ በላ። መጀመሪያ ጉርሻው ትንንሽ ነበር። ጠላው ሁለት ዙር ሲዞር እሱም ስለ ብረት ማውራት ጀመረ። ስለ ብረት ሲያወራ የሚያስቆመው ሰው እንደሌለ ያን ቀን ታወቀ።

ወለተ ሰንበት ያን ሁሉ ጊዜ የብርጓል ዘንድ ስትላላክ ነበር። ከፋንታነሽ ወዲህ ባለው ሁለት ወር ተኩል የብርጓል ለሄደችበት ምጥ ሁሉ ተከትላታለች፤ እጇም መንቀጥቀጡን ትቷል። ድግሱ ሲቀዘቅዝ ከአንሙት ፊት በርከክ አለች።

“አያ አንሙት፣ ለእኔም ሰንጢ ይሥሩልኝ። እጄ ትልቅ ስለሆነ እጀታው ዘለግ ይበል።”

“ይሁን።”

“እጀታው ግን የቀንድ ይሁን። ቤትዎ አይቼዋለሁ፤ ጥቁሩን።”

“ቀንድ ያሟልጫል” አለች የብርጓል ከጎን።

“እኔን አያሟልጨኝም፣ እማዬ። የእርስዎ እጅ ትንሽ ስለሆነ ነው።”

“ሞክሬዋለሁ እያልሁሽ።”

“እርስዎ ነዎት የሞከሩት። እኔ አልሞከርሁትም።”

የብርጓል ወደ አንሙት ዞረች፤ እንዲፈርድላት ነው። አንሙት ጠላውን አንሥቶ ቀስ ብሎ ጠጣ፤ መልሱን የሚጠብቁት ሁለት አዋላጆች መሆናቸውን ሲያይ ለመዋጥ ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

“ቀንዱም ወይራውም ቤት አለ” አለ በመጨረሻ። “ነገ ሁለታችሁም ቅቤ ተቀብታችሁ ኑ።”